«ጠፋ» በዐረብኛ ምን ይባላል? ስለ መባዘን፣ መሸሽና ስደት ቃላት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅዳ በኖርኩባቸው ዓመታት ለአገሬ ልጆች ብዙ ወረቀት አንብቤያለሁ። የውል ወረቀት፣ የፖሊስ ወረቀት፣ የሐኪም ቤት ወረቀት። ዐረብኛ የጀመርኩት ልጅ ሆኜ ቁርኣን ስቀራ ነው፤ የቀረውን ያስተማረኝ ገበያው ነው። ዛሬም ሰዎች እየደወሉ የቃል ትርጉም ይጠይቁኛል። በብዛት የሚጠይቁኝ ደግሞ ስለ መጥፋት፣ ስለ መሸሽና ስለ ስደት ነው። ለሁሉም ለየብቻ ከምመልስ እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው።

የዐረብኛውን ቃል በእኛው ፊደል ጽፌዋለሁ። «ዷ» ስል ምላስን ወፈር አድርጎ የሚነገረው ደ ነው። «ጉርባ» እና «ገሪብ» ላይ ያለው ገ ደግሞ ከጉሮሮ የሚወጣ፣ ውኃ ሲጉመጠመጡት እንዳለው ዓይነት ድምፅ ነው።

«ጠፋ» የሚለውን በአንድ የዐረብኛ ቃል መተርጎም ይቻላል?

አይቻልም። በእኛ ቋንቋ ቁልፍ ይጠፋል። በግ ይጠፋል። መንገድ ይጠፋል። መብራት ይጠፋል። ሠራተኛ ከአሠሪው ቤት ይጠፋል። የቆየ ጓደኛ ስናገኝም «ምነው ጠፋህ?» እንላለን። አንዱ ቃል ሁሉንም ይሸከማል። የቀረውን ሰሚው ይጨምርበታል።

ዐረብኛ ለያይቶ ነው የሚናገረው። ቁልፉ «ዷዐ» ይባላል። መንገድ የጠፋበት ሰው «ታሀ» ወይም «ዷለ»። ደንብሮ ከመንጋው የተነጠለ ግመል «ሸረደ»፤ ቤት አልባ ሆኖ የሚንከራተት ሰውም ከዚሁ «ሙሸረድ» ይባላል። የሸሸ ሰው «ሀረበ» ወይም «ፈረ»። ከጌታው የኮበለለ ባሪያ «አበቀ»። ይኑር ይሙት የማይታወቅ፣ ድራሹ የጠፋ ሰው «መፍቁድ»። «ምነው ጠፋህ?» ለማለት ደግሞ የባሕረ ሰላጤው ሰው «ወይን ጋይብ?» ይላል።

ልዩነቱ የድምፅ ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ቃል ጥፋቱ የማን እንደሆነ አብሮ ይናገራል። ቁልፍ ቢጠፋ ቁልፉን የሚወቅስ የለም። ባሪያው «አበቀ» ሲባል ግን ፍርዱ እዚያው ቃሉ ውስጥ ተቀምጧል። በእኛም «ጥፋት» እና «መጥፋት» የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ሆኖም «ልጅቷ ጠፋች» ብለን ስናወራ ጥፋቱን የማን እንደሆነ ሳንናገር ማለፍ እንችላለን። ዐረብኛ ላይ ግን አፍ ሲከፈት ጀምሮ መምረጥ ግድ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚህ ላይ ነው።

ፋቲሓ (የቁርኣን መክፈቻ ምዕራፍ) ላይ ያለው «ዷሊን» እና የጠፋ በግ ምን ያገናኛቸዋል?

የቃላቱ ሥር አንድ ነው። በፋቲሓ መጨረሻ ያለው ቃል «የሳቱት» ማለት ነው፤ ከመንገድ የወጡት። ያው ሥር ለከብትም ያገለግላል። «ዷላ» ማለት ከባለቤቷ የጠፋች ከብት ናት። «ጥበብ የአማኝ ዷላ ናት» የሚል የታወቀ አባባል አለ። የጠፋችበት ከብቱ ናትና የትም ቢያገኛት ይውሰዳት ለማለት ነው።

ስለ ዷላ የሚናገር አንድ ሐዲስ፣ ከነቢዩ የተላለፈ ንግግር፣ አለ፤ በጣም ነው የምወደው። ሰውየው ነቢዩ ሙሐመድን (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ባዘነ በግ ጠየቃቸው። «ለአንተ ነው፣ ወይም ለወንድምህ፣ ወይም ለተኩላ» አሉት። «ግመልስ?» ሲላቸው ተቆጡ። «አንተ ከእሷ ምን አለህ? የውኃ መያዣዋም ጫማዋም አብሯት ነው» አሉ። ውኃውን በሆዷ ትይዛለች፤ ኮቴዋ በረሃውን ይችላል። ጌታዋ እስኪያገኛት ውኃ እየወረደች፣ ቅጠል እየበላች ትቆያለች። ለአርብቶ አደሩ ዐረብ የባዘነ ሁሉ አንድ አይደለም። በጉን ቶሎ መያዝ ነው፤ ግመሏን መተው ነው።

«ታሀ» ማለት «ኮራ» ማለት ነው የሚሉ አሉ። እውነት ነው?

ሁለቱንም ነው። መንገድ ሳተም ይሆናል፣ ተንቀባረረም ይሆናል። በሲና መካከል ያለው ደረቅ አምባ «አት-ቲህ» ይባላል። እስራኤላውያን 40 ዓመት የተንከራተቱበት ነው ተብሎ ነው ስሙ የወጣለት። ቁርኣንም ያንን መንከራተት በዚሁ ግስ ይናገረዋል። ካይሮ ላይ መንገድ ከጠፋባችሁ ወንዱ «አና ታይህ»፣ ሴቷ «አና ታይሃ» ይበሉ። ጅዳ ላይ «ዷይዕ» እና «ዷይዐ» ብትሉ ይሻላል።

«ሀረበ»፣ «ፈረ» እና «አበቀ» ያው ሸሸ ማለት አይደሉም?

«ፈረ» ላይ ሩጫው ይታያል። ጀርባ ሰጥቶ መብረር ነው። ቁርኣን ሰው ከወንድሙ፣ ከእናቱና ከአባቱ ስለሚሸሽበት ቀን ሲናገር የተጠቀመው በዚህ ቃል ነው። ሌላ ቦታ ላይ ከአንበሳ የሚሸሹ የደነበሩ አህዮች አሉ። መደንበራቸው «ነፈረ» ነው፣ መሮጣቸው «ፈረ»። የሚከዳ ወታደርም በዚሁ ይጠራል። ቃሉ ሁልጊዜ ነውር ነው ማለት ግን አይደለም። «ወደ አላህ ሽሹ» የሚለውም ላይ አለ።

«ሀረበ» የየዕለቱ ቃል ነው። ሌባ ከፖሊስ፣ ተማሪ ከትምህርት ቤት፣ እስረኛ ከእስር ቤት ሲያመልጥ ይባላል። «ተህሪብ» የሚወጣው ከእሱ ነው፤ በድብቅ ማሻገር፣ ኮንትሮባንድ። ሶማሊዎች ልጆቻቸው በበረሃና በባሕር የሚሄዱበትን መንገድ «ታህሪብ» የሚሉት ቃሉን ከዚህ ወስደው ነው።

«አበቀ» የባርነት ዘመን ቃል ነው። ዛሬ መንገድ ላይ አትሰሙትም። ቁርኣን ግን ነቢዩ ዩኑስን፣ ዮናስን፣ ያነሳው በዚህ ቃል ነው። ወደ ተጫነችው መርከብ «አበቀ» ይላል። ሳይፈቀድለት ሄደ፤ ከጌታው እንደ ኮበለለ አገልጋይ። የዮናስን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ይህ አንድ ግስ ብዙ ይነግረዋል።

«ሁሩብ» ምንድን ነው?

ከ«ሀረበ» የወጣ ስም ነው፤ መሸሽ። በሳዑዲ አንድ አሠሪ «ሠራተኛዬ ጠፍታለች» ብሎ ለመንግሥት ሲያስመዘግብ «በላግ ሁሩብ» ይባላል። ከዚያ በኋላ ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ዋጋ የለውም። ሕጋዊ ሥራ አታገኝም። ከተያዘች ታስራ ወደ አገሯ ትመለሳለች። አሁን አሁን ወረቀቱ ላይ «ሙተገይብ ዐኒል ዐመል» ተብሎ ይጻፋል፤ ከሥራ የቀረ ማለት ነው። ቃሉ ለስለስ ብሏል። ሰው አፍ ላይ ያለው ግን ዛሬም ሁሩብ ነው።

አንድ ሌሊት ስልኬ ጮኸ። ከዚያ በፊት ሁለት ሦስቴ ወረቀት ያነበብኩላት ልጅ ናት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራው። ከጀርባዋ የቧንቧ ውኃ ይሰማኛል። የአምስት ወር ደሞዟን ጠይቃ ማዳሟ ተቆጥታለች። ጓደኛዋ በኢቃማ ቁጥሯ ገብታ ያየችውን ፎቶ አንስታ ልካላታለች፤ ልጅቷ ደግሞ በኢሞ ለእኔ አሳለፈችልኝ።

«ወንድሜ፣ ምን ይላል?»

«ጠፍታለች ይላል» አልኳት።

ዝም አለች። ውኃው ይፈስሳል።

«አልጠፋሁም እኮ። እዚሁ ነኝ። ሳህን እያጠብኩ ነው።»

ምን እንደምመልስላት ጠፋኝ። «ጠፍታለች» ያልኩት እኔ ነኝ፤ ወረቀቱ ግን የሚለው «ሸሽታለች» ነው። የእኛ ቃል ቢያንስ «እዚሁ ነኝ» ለማለት ቦታ ሰጥቷታል። የዐረብኛው ያንን አይሰጥም። ወንጀለኛ አድርጎ ነው የሚጀምራት። እንዲህ ያለ የሐሰት ሪፖርት የእሷ ብቻ አይደለም፤ እዚያ የኖረ ሁሉ አንድ ሁለት ሰው ያውቃል።

«ተርሂል»፣ «ኹሩጅ» እና «ጃሊያ» የምንላቸው ቃላትስ?

ሦስቱንም የባሕረ ሰላጤው ስደተኛ አማርኛ አድርጓቸዋል።

«ኹሩጅ» መውጣት ነው። «ኹሩጅ ኒሃኢ» የመጨረሻ መውጫ፣ «ኹሩጅ ወ ዐውዳ» ደግሞ ወጥቶ መመለሻ።

«ተርሂል» የመጣው ጓዝን ጭኖ መነሣት ከሚለው «ረሐለ» ነው። የግመሉ ኮርቻ «ረሕል» ይባላል። ጉዞ «ሪሕላ» ነው፤ ደስ የሚል ቃል ነው፣ የትምህርት ቤት ሽርሽር ሳይቀር ይባልበታል። የመካከሉ ፊደል ሲጠብቅ ግን ሌላ ሰው ያስነሣሃል ማለት ይሆናል። ያ ነው ተርሂል። የእኛ ሰው «ተርሂል ገባ» ሲል የሚያወራው ሰው ከመመለሱ በፊት ስለሚታጎርበት ቦታ ነው። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ተመልሰዋል። ብዙዎቹ ከእነ ፌስታላቸው ነው ቦሌ የወረዱት።

«ጃሊያ» የዋህ ቃል ትመስላለች። ዛሬ በውጭ አገር የሚኖር ማኅበረሰብ ማለት ነው፤ የኢትዮጵያ ጃሊያ፣ የሱዳን ጃሊያ። ሥሯ ግን «ጀላእ» ነው፤ ከአገር ተነቅሎ መውጣት። ቁርኣን በኒ ነዲር የተባሉት የመዲና አይሁዶች ከቀያቸው መውጣታቸውን በዚህ ቃል ይናገራል። ጃሊያ መጀመሪያ ላይ እንዲህ ተነቅለው የወጡ ሰዎች መጠሪያ ነበረች። ደግሞ ተመልከቱ፤ ሶሪያ በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ የፈረንሳይ ጦር እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣበትን ቀን ስታከብር በዓሉን «ዒዱል ጀላእ» ትለዋለች። የገዥው መውጣትም ጀላእ ነው። ቃሉ ያው ነው፤ አንዱ ጋ ለቅሶ፣ አንዱ ጋ ሆታ።

ሂጅራ ከመሸሽ በምን ይለያል?

ሥሩ መተውና መቁረጥ ነው። ሁለት ሰዎች ተኳርፈው ሳይነጋገሩ ሲቀሩም በዚሁ ቃል ይነገራል። ሙስሊም ወንድሙን ከሦስት ሌሊት በላይ እንዳያኮርፍ የሚለው ሐዲስ ላይ ያለው ግስ ይኸው ነው። ሂጅራ ውስጥ ከሩጫው ይልቅ ውሳኔው ይጎላል። የሚሸሽ ሰው ዓይኑ ያለው ከኋላው ባለው ላይ ነው። ሂጅራ የሚያደርገው ሙሃጂር ግን ቆርጦ፣ የሚሄድበትን አውቆ ይወጣል። የሙስሊሞች የዘመን አቆጣጠር የሚነሣው ከመካ ወደ መዲና ከተደረገው ሂጅራ ነው፤ እ.ኤ.አ. 622።

ከዚያ በፊት ሌላ ሂጅራ ነበር፤ ወደ እኛ። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ መካ ላይ መከራው የበዛባቸው ሙስሊሞች ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ ሐበሻ መጡ። የመካ ገዥ ጎሣ የሆኑት ቁረይሾች ከኋላ ሁለት መልእክተኞች ላኩ፤ አንዱ ዐምር ኢብኑል ዓስ ነው። ለንጉሡ የቆዳ ስጦታ ይዘዋል። ታሪኩን የምትተርክልን ከስደተኞቹ አንዷ ኡሙ ሰለማ ናት። መልእክተኞቹ በንጉሡ ፊት ስደተኞቹን ምን ብለው ጠሯቸው? «ጊልማን ሱፈሃእ»። ቂላቂል ልጆች። የወገናቸውን ሃይማኖት ጥለው ወደ አገርህ ገብተዋልና መልስልን አሉ።

ንጉሡ፣ ዐረቦቹ ነጃሺ የሚሉት፣ በአንድ ወገን ቃል አልፈረደም። ሰዎቹን አስጠርቶ ጠየቃቸው። ከስደተኞቹ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ ተነሥቶ ለሁሉም ተናገረ። ንጉሡም አሳልፎ አልሰጣቸውም። ትግራይ ውስጥ ውቅሮ አጠገብ ያለችው ነጋሽ እስከ ዛሬ የምትጎበኘው በዚህ ታሪክ ነው።

ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያቺ ሳህን የምታጥብ ልጅ ትመጣብኛለች። እሷን አስጠርቶ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ያላት አልነበረም።

ከዚሁ ሥር «ተህጂር» ይወጣል፤ ሰውን በግድ ከቀዬው ማስለቀቅ። ተፈናቃዩ «ሙሀጀር» ነው፣ «ጀ» ጠብቆ። ስለዚህ ዜና ስትሰሙ ሙሃጂርን እና ሙሀጀርን እንዳታምታቱ። አንዱ ሄደ፤ ሌላውን አስኬዱት።

«ሀገር» እና «ሂጅራ» አንድ ሥር ናቸው?

ፊደሎቹ አንድ ናቸው። የዐረብኛ ጀ በእኛ ገ ነው፤ «ጀመል» ያሉት ግመላችንን ነው። በጥንታዊ የሳባ የድንጋይ ጽሑፎች ላይ ሀ-ገ-ረ ከተማ ማለት ነው። በግዕዝም ሀገር ከተማም አገርም ነው። የድሮ ዐረብ ጸሐፊዎችም በጥንቷ የመን በሒምየር ሰዎች ቋንቋ «ሀጀር» መንደር ማለት እንደሆነ ጽፈዋል። በእኛ የምትኖርበት፣ በእነሱ ጥለህ የምትሄደው። ሲያስቡት ልብ ይነካል። ግን ሦስት ፊደል ስለገጠመ ብቻ ትርጉሙን አንድ ላይ አትስፉት። «ሰፈር» ብለን የምንኖርበትን ስንጠራ፣ ዐረቡ «ሰፈር» ሲል መንገድ መሄድ ማለቱ ነው። ድምፅ ይገጥማል፣ ነገሩ ሌላ ነው።

«ጉርባ» በአማርኛ ምን ይባላል?

«የሰው አገር» ነው የምለው። «በሰው አገር ሆኜ» ስንል ያለው ስሜት ሁሉ ጉርባ ውስጥ አለ። ገሪብ እንግዳ፣ ባዳ ነው። ሙግተሪብ ለሥራ ወጥቶ የሚኖር። ነቢዩ «በዚህች ዓለም እንደ ገሪብ ወይም እንደ መንገደኛ ሁን» ብለዋል።

ሥሩ ከፀሐይ መጥለቅ ጋር የተያያዘ ነው። «ጉሩብ» የፀሐይ መጥለቅ፣ «መግሪብ» ያው የምናውቀው የምሽት ሶላት። የዐረብኛው የጉሮሮ ገ በግዕዝ ዐ ይሆናል። ስለዚህ የእኛ «ምዕራብ» እና «ዐርብ» የጉርባ ዘመዶች ናቸው። ይህኛው ዝምድና የእውነት ነው። ቁራም በዐረብኛ «ጉራብ» ነው፤ የጥንት ገጣሚዎች «የመለያየት ቁራ» ይሉት ነበር። ድምፁ ከተሰማ ወዳጅ ሊሄድ ነው። እኛም ሄዶ የቀረን ሰው የቁራ መልእክተኛ እንላለን። የእኛ ከኖኅ ነው፣ የእነሱ ከበረሃ። ሁለቱም ጋ ግን ቁራው የመለያየት ነው።

«መንፋ» ከስደት ይለያል?

በጣም። መንፋ ግዞት ነው። የሚልክህ መንግሥት ነው፤ ቦታውንም የሚመርጥልህ እሱ ነው። እንግሊዞች የግብፅ መሪዎች የነበሩትን ዑራቢ ፓሻን እ.ኤ.አ. በ1882 ወደ ሲሎን ሲያግዙት፣ ሰዕድ ዛግሉልን በ1919 ማልታ ሲወስዱት ግብፃውያን መንፋ አሉት። ጣሊያን ከየካቲት 12 በኋላ መኳንንቶቻችንን አሲናራ ደሴት ማጋዙም መንፋ ነው።

እኔን የሚያስደንቀኝ የቃሉ ሥር ነው። «ነፋ» ማለት ካደ፣ የለም አለ ማለት ነው። በሰዋስው «ነፍይ» አፍራሽ ዐረፍተ ነገር ነው፤ «አል... ም» እንደምንለው። «አልበላም፣ አልሄድም።» ግዞተኛው «መንፊይ» ሲባል የለም የተባለ ሰው ነው።

«ላጂእ» እና «ናዚሕ» የሚባሉት እነማን ናቸው?

ድንበር ተሻግሮ የተጠጋ ላጂእ ነው፤ መጠጊያ ፈላጊ። በአገሩ ውስጥ የተፈናቀለ ናዚሕ ነው። ፍልስጤም ላይ ልዩነቱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. የ1948 ተፈናቃዮች ላጂእ ተባሉ። እ.ኤ.አ. በ1967 ከዌስት ባንክ ወደ ምሥራቅ የተሻገሩት ግን ዮርዳኖስ ውስጥ ናዚሕ ነው የተባሉት። ያኔ ዌስት ባንክ በዮርዳኖስ ሥር ስለነበር ወንዙን መሻገር ድንበር መሻገር አልነበረም።

«ነዘሐ» መጀመሪያ የጉድጓድ ውኃ ተቀድቶ ማለቅ ነው። የእኛ «ተፈናቀለ» ከተቀበረበት የተነቀለ ድንጋይ ያሳያል። እነሱ ጋ መንደሩ እንደ ጉድጓድ ይነጥፋል።

ሱዳን ውስጥ ሁለቱንም ቃል በየቀኑ ትሰማላችሁ፤ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት በኋላ ደግሞ ይባስ። የእኛም ሰው እዚያ ብዙ ጊዜ ላጂእ ሆኗል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ቤተ እስራኤላውያንና ሌሎችም፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከትግራይ የሸሹት ያረፉበት መጠለያ «ኡም ራኩባ» ይባላል። ራኩባ በሱዳን ዐረብኛ ከእንጨትና ከሣር የሚሠራ ዳስ ነው። ስሙን ያወጡት ስደተኞቹ ከመምጣታቸው በፊት ነው፤ እነሱ መጥተው ዳሳቸውን ሠሩበት።

«ሐራጋ»ስ?

የአልጄሪያና የሞሮኮ ቃል ነው፤ አቃጣዮች። ማንነታቸው እንዳይታወቅ ወረቀታቸውን አቃጥለው ሜድትራንያንን የሚሻገሩ ወጣቶች ናቸው። ድንበሩን «አቃጠሉት» ማለትም ነው።

አሠሪዎቼ ከቤት ቢያባርሩኝና ፖሊስ «ሀረብቲ?» ቢለኝ ምን ልበል?

ይህን የሚጠይቁኝ ሴቶች ናቸው፤ ብዙ ጊዜም ዘግይተው። «ሀረብቲ?» ማለት «ሸሽተሻል?» ነው። ግራ ሲገባችሁ «አይዋ» አትበሉ። ከቤቱ መውጣታችሁን ለመናገር ብላችሁ «አዎ» ያላችሁት መሸሽን እንደማመን ይቆጠራል። ራሳችሁ ወጥታችሁ ከሆነም ለምን እንደወጣችሁ አስቀድሙ። መጀመሪያ «ኡሪድ ሙተርጂም» በሉ፤ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ። ደሞዝ ተከልክላችሁ ከሆነ «ማ ዐጡኒ ራቲቢ»፤ ደሞዜን አልሰጡኝም። ካባረሯችሁ ደግሞ ቃሉ «ጠረዱኒ» ነው፤ አባረሩኝ። ጠ ላይ ጠንከር በሉ። «ሀረብት» ስትሉ አድራጊዋ እናንተ ናችሁ። «ጠረዱኒ» ላይ ግን አድራጊዎቹ እነሱ ናቸው፤ እዚያው ግሱ ውስጥ አሉ።